ከስቲልዎተር እስከ አለማያ፤ ስለ አንድ ውል ታሪክ

በዛሬው ዘመን የሁለት አገር ዩኒቨርሲቲዎች ተገናኝተው ውል ሲፈራረሙ ማየት የዘወትር ነገር ሆኗል። በውሉም ላይ ተማሪው ደመወዝ ጠባቂ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ ከተማረው ተነሥቶ አዲስ ነገር እንዲያስብ፣ ያሰበውንም ወደ ሥራና ወደ ገበያ አውጥቶ ራሱንና አገሩን እንዲጠቅም የሚል ቃል ይጻፋል። ቃሉ መልካም ነው፤ የሚነቅፈው ሰው ይኖራል ብለን አናምንም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ውል ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከሰባ ዓመት በፊት ተፈርሞ ለአሥራ ስድስት ዓመታት የጸና አንድ ውል ነበረ፤ ከእርሱም የተወለደው ትምህርት ቤት ዛሬም ቆሞ ያስተምራል። የቀድሞውን ውል ሳይመረምሩ አዲሱን መፈረም፣ ያለፈው ዓመት መከር ምን እንደ ነበረ ሳይጠይቁ ዘር እንደ መግዛት ይቆጠራል። ስለዚህ እኛ በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ መንግሥት ከኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር ያደረገውን ስምምነትና የአለማያን የእርሻ ኮሌጅ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለመተረክ አሰብን። ዘመኑን የምንጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ የአሜሪካኖቹን የቆየ ታሪክ ስንጠቅስ ግን የአውሮፓን አቆጣጠር እንከተላለን።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ አሜሪካ መሻገር ያስፈልጋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1862 ዓ.ም. የሰሜንና የደቡብ ሰዎች እርስ በርስ ሲዋጉ ሳሉ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በስድስት ሳምንት ልዩነት በሁለት ሕጎች ላይ ፈረሙ። ከሁለቱ አንደኛው፣ ባመነጨው በጀስቲን ሞሪል ስም የሚጠራው ሕግ፣ ለያንዳንዱ ክፍለ አገር በኮንግሬስ ባሉት እንደራሴዎች ቁጥር ልክ፣ ለአንድ እንደራሴ 30,000 ኤከር መሬት እየታሰበ እንዲሰጠውና በመሬቱ ሽያጭ ገንዘብ የእርሻና የመካኒክ ጥበብ የሚያስተምር ኮሌጅ እንዲያቆም የሚፈቅድ ነበር። ከዚያ ቀደም ከፍተኛ ትምህርት በአብዛኛው የቄስ፣ የጠበቃና የሐኪም ነበረ፤ የገበሬ ልጅ ኮሌጅ ገብቶ ስለ አፈርና ስለ ከብት ይማራል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ መሬት ሊያለማ ለሚሰፍር ሰው 160 ኤከር፣ ማለት በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ መሬት፣ በጥቂት የመዝገብ ክፍያ ይሰጠዋል፤ አምስት ዓመት ተቀምጦ ካለማውም ርስቱ ይሆንለታል።

በዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ያ ሁሉ መሬት ባለቤት የሌለው ጠፍ አልነበረም፤ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች የተወሰደ ነበር። ኦክላሆማ ራሷ አስቀድሞ ለእነዚሁ ሕዝቦች መኖሪያ ተብላ የተከለለች አገር ነበረች። የስቲልዎተር ኮሌጅ የተመሠረተው በ1890 ነው፤ ኦክላሆማ ግን እስከ 1907 ድረስ ገና ክፍለ አገር አልሆነችም ነበር።

የሆነ ሆኖ ለያዝነው ነገር ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ በአሜሪካ የእርሻ ኮሌጁና የገበሬው መሬት በአንድ ዓመት የተወለዱ መንትዮች ነበሩ። በ1887 የወጣው ሕግ በየኮሌጁ የምርምር ጣቢያ እንዲቆም አደረገ፤ የ1914ቱ ሕግ ደግሞ ኮሌጁ ያገኘውን ዕውቀት እስከ ገበሬው ደጃፍ የሚያደርስ መልእክተኛ አቆመ። ማስተማር፣ መመርመር፣ ለገበሬው ማድረስ፤ እነዚህ ሦስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኑ። ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ የሚመለስበት የአባቱ እርሻ ነበረው፤ ባይመለስም እንኳ ዘር ሸጦ፣ መሣሪያ ጠግኖ፣ ወተት አቀናብሮ የሚያድርበት ገበያ ይጠብቀው ነበር።

እንግዲህ ይህ ሥርዓት ወደ አገራችን እንዴት መጣ? በጥር 1941 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ሥልጣናቸውን በአዲስ መልክ ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር በአራተኛው ነጥብ ላይ አሜሪካ ዕውቀቷን ለሌሎች አገሮች እንድታካፍል ሐሳብ አቀረቡ። ከዚህም የተነሣ ድርጅቱ በአገራችን ዘንድ «ፖይንት ፎር» እየተባለ ታወቀ። በ1942 ዓ.ም. ከ1928 የአውሮፓ ዘመን ጀምሮ የኦክላሆማን ኮሌጅ በፕሬዚዳንትነት ያስተዳድሩ የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው አገሩን አዩ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጋር ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋገሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ትሩማን የዚያው የፖይንት ፎር መሥሪያ ቤት የበላይ አደረጓቸው። ሰኔ 9 ቀን 1943 ዓ.ም. በሁለቱ መንግሥታት መካከል ጠቅላላው ስምምነት ተፈረመ።

ቤኔት ግን ያሰቡት ሲፈጸም ለማየት አልታደሉም። በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. የተሳፈሩበት አውሮፕላን በቴህራን አጠገብ ወድቆ ከባለቤታቸው ጋር ሞቱ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ኮሌጃቸው የኢትዮጵያን የእርሻ ትምህርት የማቋቋም ውሉን ፈረመ። ሰውየው ቢሞቱም ሐሳቡ አብሯቸው ያልተቀበረው ከአንድ ሰው ልብ ወጥቶ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ገብቶ ስለ ነበረ ይመስለናል።

በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የኮሌጁም ሕንፃ በሐረርጌ እስኪያልቅ ድረስ የመጀመሪያዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች እዚያው ጅማ ተቀምጠው ተማሩ። ሰኔ 11 ቀን 1946 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በአሜሪካ ጉብኝታቸው ጊዜ ስቲልዎተር ድረስ ሄደው እናት ኮሌጁን ጎበኙ። በ1949 ዓ.ም. ትምህርቱ ከሐረርና ከድሬዳዋ መካከል ባለው በአለማያ ሐይቅ አጠገብ ወደ ተሠራው ግቢ ተዛወረ፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያዎቹ 11 ምሩቃን ወጡ። ምረቃው ቀድሞ የሕንፃው በዓል ኋላ መምጣቱ የሚያስገርም ቢመስልም፣ ኮሌጁ በይፋ የተመረቀው በጥር 1950 ዓ.ም. ነው። ስሙም የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጅ መባሉ ከእናቱ የወረሰው ነበር።

ወደ አለማያ የመጡት መምህራን ስለ አፈር መከላት የሚያስተምሩት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት የምዕራብ ኦክላሆማ አፈር በድርቅና በነፋስ ተጠራርጎ ሰማዩን ያጠቆረበትን፣ ብዙ ቤተ ሰብም አገሩን ጥሎ የተሰደደበትን ዘመን አገራቸው አይታለች። የሐረርጌን ተዳፋት ሲመለከቱ ይህ ሳይታሰባቸው የቀረ አይመስለንም። የትምህርቱም አሰጣጥ ለአገራችን ባይተዋር ነበር፤ ተማሪው ጠዋት ስለ ከብት አመጋገብ የተማረውን ከሰዓት በኋላ በበረቱ ውስጥ በእጁ እንዲሠራው ይታዘዝ ነበር። በዚያ ዘመን ትምህርት ማለት ከጭቃና ከኮረት ማምለጫ፣ ወደ ወንበርና ወደ ብዕር መሸጋገሪያ ነበር፤ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የላከ ገበሬ የተማረው ልጁ ተመልሶ እበት ሲዝቅ ቢያይ ምን ይል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

የውሉ ትልቁ ሐሳብ ሦስቱን ነገሮች ሳይነጣጥል ማምጣቱ ነበር። ኮሌጁ ያስተምራል፤ በአለማያና በደብረ ዘይት ባሉት ጣቢያዎቹ ይመራመራል፤ በየአውራጃው ባሉት ሠራተኞቹም ለገበሬው ያስተላልፋል። ይህ እንዲህ ሆኖ የቆየው ግን ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። በ1955 ዓ.ም. ለገበሬው የማድረሱ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በ1958 ዓ.ም. የአገሪቱ የእርሻ ምርምር ኃላፊነት አዲስ ለተቋቋመው የእርሻ ምርምር ድርጅት ተሰጠ፤ ኮሌጁም የራሱን ጣቢያዎች ይዞ ቀረ። እያንዳንዱ ውሳኔ በየራሱ ምክንያት ነበረው፤ አንድ ኮሌጅ የአገሪቱን እርሻ በሙሉ ይሸከም ማለትም የማይቻል ነገር ነበር። ዳሩ ግን በዚህ ምክንያት ተማሪው ከገበሬው ጋር የሚገናኝበት በር ጠበበ። የሚመራመረው በአንድ ቤት፣ የሚያስተምረው በሌላ ቤት፣ ለገበሬው የሚነግረው ደግሞ በሦስተኛ ቤት ሲቀመጥ፣ ከማሳው የሚነሣው ጥያቄ ወደ ተማሪው ጆሮ ለመድረስ የብዙ ደብዳቤና የብዙ ማኅተም መንገድ መሄድ አለበት።

ከዚህ የባሰው እንቅፋት ግን በውሉ ውስጥ ያልተጻፈው ነበር። ከላይ እንደ ተናገርነው በአሜሪካ ኮሌጁ የተወለደው ከመንትያው ከመሬቱ ጋር ነው። ወደ እኛ የመጣው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ ኮሌጁ መጣ፣ መሬቱ አልመጣም። የዚያን ጊዜው የመሬት ሥርዓት አንባቢዎቻችን የሚያውቁት ስለ ሆነ አናስረዝመውም። ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ የሚባለው አነጋገር ከጥንት የወረደ ነው፤ በደቡብና በምሥራቅ ብዙው ጭሰኛ እስከ እኩሌታ የሚደርስ ምርቱን ለባለ መሬቱ ይሰጥ ነበር፤ ባለ መሬቱ ሲፈልግም ሊያስነቅለው ይችል ነበር። እንግዲህ ለዚህ ጭሰኛ የተሻለ ዘር ቢያመጡለት ትርፉ ለማን ነው? ኮሌጁ ያስተማረው ወጣትስ የራሱን እርሻ ልክፈት ቢል በማን መሬት ላይ? ገንዘብ ልበደር ቢል አበዳሪው መያዣ ይጠይቀዋል፤ መያዣው መሬት ነው፤ መሬቱ የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ምሩቃኑ አብዛኞቹ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤትና ወደ መምህርነት ቢገቡ የሚያስደንቅ አይደለም። ወጣቶቹ ሥራ ለመፍጠር ሰነፉ ብሎ የሚወቅሳቸው ቢኖር ይህን ሁሉ አብሮ መቁጠር አለበት።

ተማሪዎቹም ነገሩ አልጠፋቸውም ነበር። በ1957 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ሆኑ። አንደኛው፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የተመሠረተውና የአለማያን ኮሌጅ በሥሩ ያደረገው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ገጠርና ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው እንዲያገለግሉ ማድረግ ጀመረ። ሁለተኛው፣ በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ሁለቱን እያገናኘን አንዱ ሌላውን ወለደው አንልም፤ ጊዜያቸውም እንዲህ ለማለት አይፈቅድም። ነገር ግን ከኮሌጁ ጎን መቅረት ያልነበረበትን ነገር በሁለት ቃል የተናገሩት ተማሪዎቹ ናቸው፤ የውሉ ጸሐፊዎች በብዙ ገጽ ያልጻፉትን።

የኦክላሆማው ውል በ1960 ዓ.ም. አበቃ። ወደ ስቲልዎተርና ወደ ሌሎችም የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተልከው የተማሩ ኢትዮጵያውያን የመምህርነቱን ቦታ እየተረከቡ ነበር፤ ይህ ራሱ የውሉ ትልቅ ፍሬ ነው፤ ተጋባዡ እንግዳ የሚሄድበትን ቀን አስቀድሞ አውቆ የመጣበት ውል ብዙ ጊዜ አይገኝም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። ሆኖም ያው አዋጅ አንድ ሰው ሊይዝ የሚችለውን መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ከመወሰኑ ሌላ ሰው ቀጥሮ ማሠራትን ከለከለ። ስለዚህ ለተማረው ወጣት አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ተዘጋበት። ኮሌጁ በግንቦት 1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

ይህን ስንል ፍሬ አልተገኘም ማለታችን አይደለም። በኮሌጁ ሥር በነበረው በደብረ ዘይት ጣቢያ የሆነውን አንድ ነገር ብቻ እንጥቀስ። ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ለብዙ ጊዜ ይታመን ነበር፤ አበባው እጅግ ትንሽ ነው፤ ተከፍቶ ያየውም ሰው አልነበረም። ዶክተር ታረቀ በርሄ በ1960ዎቹ ዓመታት አበባው ፀሐይ ወጥታ ብዙ ሳትቆይ፣ ከአንድ ሰዓት ብዙም ለማይበልጥ ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት አገኙ። ምስጢሩ የነበረው በማለዳ ተነሥቶ በመጠበቅ ላይ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣውና ብዙ ገበሬ የወደደው ቁንጮ የተባለው ጤፍ የተገኘው በዚሁ በማዳቀል ጥበብ ነው።

ትልቁ ፍሬ ግን የበሰለው ሩቅ ዞሮ ነው። በ1942 ዓ.ም. በምዕራብ ሸዋ በወሎንኮሚ በሣር ጎጆ ውስጥ የተወለደ ገቢሳ ኢጄታ የሚባል ልጅ ነበረ። እናቱ ትምህርት እንዳይቀርበት ስለ ወሰኑ፣ ልጁ እሑድ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጉዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ዓርብ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያ በኦክላሆማ እርዳታ ወደ ቆመው ወደ ጅማው የእርሻ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከጅማም ወደ አለማያ ተሻገረ፤ በ1965 ዓ.ም. በዕፀዋት ሳይንስ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ማሽላ ፍለጋ ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ከዶክተር ጆን አክስቴል ጋር ተገናኘ። ፐርዱም እንደ ስቲልዎተር ሁሉ በዚያው በ1862ቱ ሕግ የተወለደ ኮሌጅ ነው።

ስለ አክስቴል ፍለጋ ጥቂት ብንናገር አንባቢዎቻችን ደስ ይላቸዋል ብለን እናምናለን። ማሽላ ላይሲን የሚባለው ለሰውነት የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር ይጎድለዋል። የፐርዱ ሰዎች ከዓለም ሁሉ የተሰበሰበውን የማሽላ ዘር ሲመረምሩ ላይሲን የበዛባቸውን ሁለት ዓይነቶች አገኙ፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ የመጡ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ማሽላ የወሎ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ለይቶ ያውቀዋል፤ እሸቱን እየጠበሰ ይበላዋል፤ «ወተት በጉንጬ»፣ «ማርጩቄ» እያለም ይጠራዋል። መሣሪያ በተሞላ ቤት ውስጥ የተገኘው ነገር በገበሬው አፍ ላይ ስም ሆኖ ይኖር ነበር። የኮሌጅ ተማሪ ጥያቄውን ከየት ማምጣት እንዳለበት ለሚጠይቁን ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የለንም።

ገቢሳ በፐርዱ ተምረው በ1970 ዓ.ም. ዶክተር ከሆኑ በኋላ ወደ ሱዳን ሄዱ። በዚያም በ1975 ዓ.ም. ገደማ «ሐጂን ዱራ 1» የተባለውን፣ ድርቅን የሚቋቋምና ምርቱ የበዛ ዲቃላ ማሽላ አወጡ፤ በአፍሪካ ለገበያ የዋለ የመጀመሪያው ዲቃላ ማሽላ እርሱ ነው። የዲቃላ ዘር ጠባይ ገበሬው ከመከሩ ለይቶ ቢዘራው እንደ መጀመሪያው አለመሆኑ ነው፤ በየዓመቱ አዲስ ዘር ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሰው ዘሩን ማባዛት፣ ማጽዳት፣ መሸጥ አለበት። በሱዳን ይህን ሥራ የገበሬ ማኅበራት ያዙት፤ ከዚያም የዘር ንግድ ራሱን ችሎ ቆመ። ከጅማና ከአለማያ የተነሣው ትምህርት ወደ ሥራ ፈጠራ የተለወጠው እዚያ ነው። ለምን በሱዳን ሆነ እንጂ በአገራችን አልሆነም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን በእኛ ዘንድ በግል ዘር አባዝቶ መሸጥ የሚፈቀድለት ማን ነበር?

ዛሬ ለተማሪዎች ሥራ ፈጠራ ተብለው የሚጻፉትን ውሎች ስናነብ ዓይናችን የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስንት ተማሪ ሠለጠነ፣ ስንት መምህር ተለዋወጠ የሚለው ሁልጊዜ ተጽፎ እናገኘዋለን። ተማሪው ያሰበውን የሚሞክርበት ቁራሽ መሬት ወይም ጠባብ የመሥሪያ ክፍል፣ ያለ መያዣ የሚያበድረው ገንዘብ፣ ቢከስር ዕድሜ ልኩን የማያሳድደው ሕግ ግን የሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ፊርማ ብቻ የሚያመጣው አይደለም፤ የሚያመጣው ሦስተኛ ፈራሚ ነው፤ እርሱም መንግሥት ነው። ከስቲልዎተርና ከአለማያ መካከል የጎደለው እርሱ ነበር። በጠረጴዛው ላይ አልነበረም ማለታችን ግን አይደለም፤ ፊርማውን አኑሯል፤ የመሬቱን ነገር ብቻ ዝም ብሎ አለፈው።

ገቢሳ ከሱዳን ወደ ፐርዱ ተመልሰው በመምህርነት ሳሉ ከባልደረባቸው ከላሪ በትለር ጋር ወደ አቀንጭራ ዞሩ። አቀንጭራ ሐምራዊ አበባዋ የሚያምር፣ ሥራዋ ግን የከፋ አረም ናት፤ እንደ አቧራ የረቀቀ ዘሯ በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆይና የማሽላ ሥር በአጠገቡ ሲያልፍ ከሥሩ የሚወጣውን ንጥረ ነገር አሽትቶ ይበቅላል፤ በሥሩም ላይ ተጣብቆ ምግቡን ይመጠምጣል። ገበሬው አረሟን ከመሬት በላይ ሲያያት ጥፋቱ ከተፈጸመ ቆይቷል። ሁለቱ ሰዎች ይህን ምልክት በጥቂቱ ብቻ የሚያወጡ የማሽላ ዓይነቶችን ፈልገው አገኙ፤ ከምርታማዎቹም ጋር አዳቀሏቸው። በ1986 ዓ.ም. 8 ቶን ያህል ዘር ለአሥራ ሁለት የአፍሪካ አገሮች ታደለ። በ2002 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ፕሮፌሰር ገቢሳ ስለዚህ ሥራቸው የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ከዚያ ሽልማት በፊት፣ በ1990ዎቹ ዓመታት ውስጥ፣ አቀንጭራን የሚቋቋመው ማሽላ በአገራችን የምርምር ጣቢያዎች ተፈትኖ በየቆላው ላለው ገበሬ ወጥቶ ነበር። ዘሮቹ በዝርዝር ላይ የገቡት ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን በሚሉ ስሞች ነው።